የጉርጥ አመጋገብ ክትትል በቡልቡላ ዳር

እንደሚታወቀው ጉርጥና እንቁራሪት የአንድ ወገን እንስሳት ቢሆኑም አንድ አይደሉም። እንቁራሪት ቆዳዋ ለስላሳ፣ የኋላ እግሯም ረጅም ነው። ጉርጥ ግን ቆዳዋ ሻካራና እብጠት የሞላበት፣ እግሯም አጭር በመሆኑ ብትዘልም ባጭር ባጭሩ ነው። ቀን ከድንጋይ ሥር ተሸሽጋ ትውላለች። ሲመሽ፣ በተለይም ዝናብ ከጣለ፣ ወጥታ መብራት ሥር ቁጭ ትላለች። ለምን ቢሉ መብራቱ የእሳት ራትና ጢንዚዛ ይሰበስብላታል።

ታዲያ እንዴት ነው የምትበላው? በቦሌ ቡልቡላ ከወንዙ ዳር ማታ ማታ ባትሪ ይዘን የተከታተልነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1ኛ/ ጉርጥ ለምግብ የምትነሣው የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ ነው። የሞተ ዝንብ አፍንጫዋ ሥር ብናስቀምጥላት ዞር ብላም አላየችው። ያንኑ ዝንብ በክር አስረን ጎተት ስናደርገው ግን ወዲያው ዞረችበት።

2ኛ/ ቀጭን የሣር አገዳ መሬት ላይ አጋድመን እንደ ትል በርዝመቱ ስንስበው ተከተለችው። አቁመን ወደ ጎን ስናንቀሳቅሰው ግን ዝም አለች። ጀርመናዊው ተመራማሪ ዮርግ ፒተር ኤቨርት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባደረጉት ጥናት ያረጋገጡትም ይህንኑ ነው።

3ኛ/ ምላሷ የተያያዘው እንደ እኛ ከጉሮሮ በኩል ሳይሆን ከታችኛው መንጋጋ ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ተገልብጦ ይወረወራል፤ የሚያጣብቅ በመሆኑም ነፍሳቱን ላፍ አድርጎ ይመለሳል።

4ኛ/ ጥርስ ስለሌላት ሳታላምጥ ትውጣለች። ስትውጥም ዓይኗን ጭፍን ታደርጋለች። ይህ ጣፍጧት አይደለም፤ የዓይኗ ኳሶች ወደ ውስጥ ሰምጠው ምግቡን ወደ ጉሮሮ ይገፉላታል።

ይህ ለዕጩ መምህራን ምን ይጠቅማል? ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ላይኖር ይችላል፤ ክርና የሣር አገዳ ግን አይጠፋም። ደግሞም ልጆች ጉርጥ ባዩ ቁጥር ድንጋይ ያነሣሉ። የነካት ሰው ኪንታሮት ያወጣል የሚል አነጋገር በብዙ አገር አለ። ሐሰት ነው፤ ኪንታሮት የሚመጣው ከቫይረስ ነው። እውነቱ ግን ከዓይኗ ኋላ ባሉት ዕጢዎች መርዝ አላት። ስለዚህ ተማሪው በእጁ ሳይነካ በዓይኑ ይመልከት፤ ድንገት ከነካም እጁን ይታጠብ።

ጠቃሚ ናት ብለን ግን ከቦታ ቦታ አናመላልሳት። እ.ኤ.አ. በ1935 የሸንኮራ አገዳ ጢንዚዛ ታጠፋለች ተብሎ ከሃዋይ ወደ አውስትራሊያ የተወሰደች የጉርጥ ዓይነት ጢንዚዛውን ሳታጠፋ እጅግ ተራባች። እሷን የበሉ የአገሩ እንስሳትም በመርዟ አለቁ። እንግዲህ ጉርጥ የምትጠናው ባለችበት ነው።

በመጨረሻም፣ ለክፍል ሥራ ተማሪዎች በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ምላሷን እንደወረወረች፣ ስንት ጊዜስ እንደሳተች ይመዝግቡ። ቆጥሮ የሚመዘግብ ልጅ ድንጋይ የሚያነሣበት እጅ አይኖረውም።