የታመመ ትከሻና የሩቅ ሐኪም

የኪነ ጥበብ ተማሪዎች ስለ ትከሻ ሕመም ሊጽፉ ምን አገባቸው የሚል ጥያቄ ከሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን እንደሚነሣ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ሐኪምና በሽተኛ በስልክ ብቻ የተገናኙ እንደ ሆነ ሐኪሙ እጁን ተነጥቆ ከዓይኑና ከጆሮው ጋር ይቀራል፤ የጆሮ ነገር ደግሞ የቋንቋ ነገር ነው።

አስቀድመን ስለ ትከሻ ጥቂት እንበል። ከሰውነታችን መጋጠሚያዎች ሁሉ በሰፊው የሚንቀሳቀሰው ትከሻ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅ ኳስ ሲመስል የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ጠባብና ጥልቀት የሌለው ስለ ሆነ፥ አጥንቱን በቦታው የሚያጸኑት በዙሪያው ያሉት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ስለዚህ ከበቅሎ የወደቀ ሰው ትከሻው በቀላሉ ይወልቃል፤ አብዛኛውንም ጊዜ የሚወልቀው ወደ ፊት ነው። ሳይወልቅም የሚደርቅ ትከሻ አለ። የቦስተኑ ሐኪም ኮድማን በ1934 እ.ኤ.አ. «የቀዘቀዘ ትከሻ» ብሎ የሰየመው ይህን ነው፤ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ፥ ይልቁንም የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበረታል።

የሁለቱም መድኃኒት በየቀኑ ለብዙ ሳምንታት የሚደጋገም እንቅስቃሴ ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የገጠሩ ሰው ደግሞ አስፋልቱ ዘንድ እስኪደርስ በእግሩ የሚሄደው አለ። የግማሽ ሰዓት ትምህርት ለመቀበል የአውቶቡስ፥ የማደሪያና የምግብ ወጪ ያወጣል። ታዲያ በሰፈሩ ወጌሻ እያለ ለምን ይሂድ?

የሩቅ ሕክምና በአገራችን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በሕንድ መንግሥት ርዳታ ጥቁር አንበሳና ከቡሬ ዓባይን ተሻግሮ የሚገኘው የነቀምት ሆስፒታል በሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር ተገናኝተው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ በእንግሊዝ አገር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ብዙውን ሥራቸውን ወደ ስልክና ወደ ቪዲዮ አዛወሩት።

እኛ ያየነው ግን ከዚህ ያነሰና የቤተ ዘመድ ነገር ነው። ከእኛ መካከል የአንዱ አጎት በቡሬ ገጠር ገበሬ ናቸው። ከበቅሎ ወድቀው ግራ ትከሻቸው ወለቀ፤ በሐኪም ቤት ተመለሰላቸው፤ ክንዳቸውን በጨርቅ አንግተው ከሰነበቱ በኋላ ግን እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልነሣ አለ። ባሕር ዳር የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘመድ ስለ ነበረ፥ ልጃቸው በኢሞ ታገናኛቸው ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን አጎታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው እንደ እንግዳ ተቀባይ ተቀመጡ። ባለሙያው «አባባ፥ እስቲ ትከሻዎን ልየው» ሲላቸው «በዚች መስኮት ሾልከህ ልታየኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ያጠናነው። «ያመኛል» ማለት ለዳሳሽ እጅ ይበቃ ይሆናል፤ ለሩቅ ሐኪም ግን አይበቃም። አጎታችን ሌሊት «ይጠዘጥዘኛል»፥ እጃቸውን ሲያነሡ ደግሞ «ይወጋኛል» አሉ። ባለሙያው «ይነዝርዎታል ወይስ ይደነዝዛል?» ብሎ አጥብቆ ጠየቃቸው፤ ትከሻ ሲወልቅ በብብት በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል ነው። የትከሻቸው ውጫዊ ቆዳ ደንዝዞ ቢሆን ኖሮ በስልክ አይሆንም፥ ይምጡ ሊላቸው ነበር። ይህን ሁሉ ቃል ያለ አስተርጓሚ መለዋወጣቸው ትልቅ ሀብት ነው እንላለን።

ሁለተኛው ጥቅም ሳይታሰብ የመጣ ነው። ልጅቱ ስልኩን ስታዞር ባለሙያው መደቡን አየ። አጎታችን የሚተኙት በታመመው ጎናቸው፥ በደረቅ መደብ ላይ ነበር። ይህን ሐኪም ቤት ቢሄዱ ማንም አያየውም ነበር። ለእንቅስቃሴውም መሣሪያ አልተቸገሩም፤ ጎጃሜ ዱላ አያጣም! በጀርባቸው ተኝተው ዱላውን በሁለት እጃቸው ይዘው፥ ደኅናው ክንድ የታመመውን እየደገፈ ቀስ ብለው ወደ ላይ ያነሡታል። ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን አንጠልጥለው ያወዛውዛሉ። ጣታቸውንም በግድግዳው ላይ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ያስኬዳሉ።

ለሴቶች ግን ነገሩ ይከብዳል። በፍኖተ ሰላም ያነጋገርናቸው አንዲት እናት መቀነታቸውን ከኋላ ማሰር ካቃታቸው ሰንብተዋል። ስልኩ የልጃቸው ነው፤ ቤቱ ሰው አያጣም፤ ትከሻቸውን ገልጠው ለስልክ ማሳየቱን «ነውር ነው» ብለው ተዉት። ጎረቤታቸው ወጌሻ በቅቤ ያሹላቸዋል፤ የደረቀ ትከሻ በኃይል ሲጎተት እንደሚብስ ነግረናቸው «እሱስ በጁ ይዳስሰኛል» አሉን። ለዚህ መልስ አላገኘንም።

የኔትዎርኩም ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ አጎታችንም በአምስተኛው ሳምንታቸው ከባለሙያው የተለያዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ልጃቸው ግን በየእሑዱ የአባቷ ጣት የደረሰበትን የግድግዳ ቦታ በከሰል ማስመሩን አልተወችም። ባለሙያው ከብዙ ጊዜ በኋላ ለለቅሶ ወደ ቡሬ በመጣ ጊዜ ከሁሉ በፊት የጠየቀው ያን ግድግዳ ነበር። የመጨረሻው የከሰል ምልክት ከአጎታችን ራስ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል።