ጨፌው እስኪደርቅ ታገሡ፦ በርጋ ለምትሄዱና በበርጋ ለምትኖሩ ማሳሰቢያ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከሆለታ አለፍ ሲሉ፣ የበርጋ ወንዝ ወደ አዋሽ ከመግባቱ በፊት የሚተኛበት ሰፊ ጨፌ አለ። በበጋ ላየው ሰው ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነው፤ ሌላ ነገር አይታየውም። ሐምሌ ሲገባ ግን ውኃው ከሣሩ ሥር ይቆማል፣ ቄጠማው ይነሣል፣ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የምትባል ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ወፍ ልትፈለፍል ትመጣለች። ይህች ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እጅግ አስጊ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመዝግባለች። በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። እንቁላል እንደምትጥል የተረጋገጠው በሁለት አገሮች ብቻ ነው፦ በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ።

ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ከቀን መቁጠሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ጨፌውን አትንኩ የሚል ሰው የለም፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ነው።

ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ከብት ወደ እርጥቡ ክፍል አታስገቡ። ወፏ ጎጆዋን የምትሠራው ውኃ ውስጥ በቆመ ቄጠማ መሐል፣ ቅጠሉን ከላይ አጥፋ ጣሪያ አስመስላ ነው። ጎጆው ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም። ላም ጭቃ ውስጥ ስታልፍ ኮቴዋ የሚተወውን ጉድጓድ ያየ ሰው፣ ሥሩ እንቁላል ቢኖር ምን እንደሚሆን መገመት አያቅተውም። ጎጆው ቢተርፍ እንኳ ሣሩ ከተጋጠ መሸሸጊያ የለም፤ ይህች ወፍ ደግሞ አደጋ ሲመጣ ከመብረር ይልቅ እንደ አይጥ በሣሩ ሥር መሹለክ ይቀናታል።

እረኛውን መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን አልወቅሰውም። ክረምት ላይ ማሳው ሁሉ ታርሶ ተዘርቷል፤ ለከብቱ የቀረው ይኸው ጨፌ ነው። ስለዚህ ደረቁን ዳር ለግጦሽ ተዉለት፤ መሐሉን ደግሞ ተነጋግራችሁ ከልሉ። የአካባቢው ነዋሪዎች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር የሄዱበት መንገድ ይህ ነው፦ ወፏ ጫጩቶቿን እስክታሳድግ ሣሩን ማስጠበቅ፣ ከዚያ አጭዶ ድርቆሹን መጠቀም። በአቅራቢያው የተሠራው ትምህርት ቤትም የዚሁ ጥበቃ ፍሬ ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ የወፍ ወዳጆች ድጋፍ ተገኝቶበታል። ሣር ሳይጋጥ መቆየቱ ለልጁ ደብተር ሲሆን ያየ አባት፣ ከእኔ ምክር አይፈልግም።

ማጭድ ከጥቅምት በፊት ወደ እርጥቡ ክፍል አይግባ። ድርቆሽ የምትገዙ የወተት ላም ባለቤቶችም ዋጋውን ብቻ ሳይሆን «የት ታጨደ? መቼ ታጨደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጋዴው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠየቀ መልሱን ይዞ መምጣት ይጀምራል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ገበያው በቄጠማ ይሞላል፤ እኔም ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት ቡና አይጥመኝም፣ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን መስከረም 1 ቀን የዘገዩ ጫጩቶች ገና እናታቸውን የሚከተሉበት ወቅት ነው፤ ለበዓሉ የሚታጨደው ደግሞ ከዋዜማው ሳምንት ጀምሮ ነው። ቄጠማ ከጨፌ መሐል ካልመጣ አይሆንም የሚል ሕግ የለም። ከወንዝ ዳር፣ ከመስኖ ቦይ ዳር፣ ጓሮው እርጥብ ለሆነ ሰው ከጓሮውም ይገኛል። የምታጭዱ ከሆነ ከዳር አጭዱ እንጂ ወደ ውስጥ አትዝለቁ። የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ቤት አንድ እስር ይበቃል፤ ደጃፍ ላይ ቆልሎ ማግሥቱን መጥረግ ጌጥ አይደለም።

ጨፌውን ለማጠንፈፍ ቦይ አትቆፍሩ። ውኃው በስንዝር ቢቀንስ ለእርሻ የተረፈ መሬት ሊመስል ይችላል፤ ለወፏ ግን ጎጆዋ እስከ ደጃፉ ድረስ ደረቀ ማለት ነው፣ ውሻ ተራምዶ ይደርስበታል። በጨፌው ዳር ባህር ዛፍ መትከልም ያው ነው፤ ያለ አካፋ የተቆፈረ ቦይ ነው።

ውሻ ይዛችሁ አትምጡ።

ካሜራና መነጽር ይዛችሁ ለምትመጡ። ወፏን «ለማስነሣት» በመስመር ተሰልፋችሁ ሣሩን አትርገጡ፣ ገመድም አትጎትቱ። ክንፏ ላይ ያለው ነጭ የሚታየው ስትበር ብቻ ስለሆነ ጎብኚ እንድትበር ይፈልጋል፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ አታጫውቱ፤ ባላንጣ መጣብኝ ብላ ጎጆዋን ትታ ስትዞር ትውላለች። አስጎብኚያችሁ «አስነሥቼ አሳያችኋለሁ» ካለ አይሆንም በሉት፤ ጉርሻውን ግን ስጡት፣ ባያሳያችሁም። ሰው የሚያስነሣው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ፈርቶ ነው።

ድንገት ጎጆ ካገኛችሁ ቄጠማውን ገልጣችሁ አትመልከቱ፤ አንዴ የተገለጠ ቄጠማ ተመልሶ አይገጥምም፣ ለቁራም መንገድ ያሳያል። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ከጨፌው ከወጣችሁ በኋላ ቦታውን ለጨፌው ጠባቂዎች ንገሩ፤ ፎቶውን ከነአድራሻው ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።