ለአጥቢያ መኪና የፊት ጎማ ኩሽኔታ መቀየሪያ መሣሪያ አመራረጥ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ለሰውም ለመኪናም ይከብዳል። የተራራው አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው፣ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ወደ ከተማው የሚመለስ መኪና ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎቹ አጋድሎ፣ ፍሬኑን ደጋግሞ እየያዘ ይወርዳል። ከፍሬኑ የሚወጣው ሙቀት ጎማው ወደሚታሰርበት ሞዞ ይገባል፤ በሞዞው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ያረጀ ወይም ግራሶው የደረቀ ከሆነ ጉዳቱ የሚገለጠው በዚህ ሰዓት ነው። በጉለሌ ያሉ አድባራት መኪኖች በዚህ መንገድ የሚያመላልሱት ደግሞ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ወደ ጠበል የሚሄዱ ሕሙማንን፣ አረጋውያን ካህናትንና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ጭምር ነው። ኩሽኔታው ፈጽሞ የተበላ መኪና ጎማው እስከ መውለቅ ሊደርስ ስለሚችል፣ ነገሩ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ይህን ትምህርት ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ስናዘጋጅ፣ ኩሽኔታ ፈትተው ይቀይሩ ብለን አይደለም። መፍቻውን የሚይዘው መካኒኩ ነው፤ የትኛው መፍቻ እንደሚገዛ የሚወስነው ግን ኮሚቴው ነው። አንዳንዱ አጥቢያ የራሱን መኪና ለመጠገን፣ ሌላው ደግሞ ሥራ ያጡ የአጥቢያውን ወጣቶች በጥገና ሥራ ለማደራጀት መሣሪያ ይገዛል። በሁለቱም ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ ይቀርባል፤ ዝቅተኛው ዋጋ ይመረጣል፤ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ከዕቃዎቹ ስም በስተጀርባ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እኛም በዚሁ ስሕተት ውስጥ አልፈናል። በአንድ ወቅት ለወጣቶች የጥገና ማኅበር መሣሪያ ስናስገዛ፣ ከመቶ በላይ ዕቃ የያዘ ባለ ሣጥን የመፍቻ ስብስብ መረጥን። ሣጥኑ ያምር ነበር፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ረክሷል። ወጣቶቹ የመጀመሪያውን ላንድክሩዘር በክሪክ አንሥተው ሞዞውን ሲከፍቱ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ትልቁ ቡሶላ 32 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የሞዞው ዳዶ የሚፈልገው 54 ነበር። ያን ዕለት ዳዶው የተፈታው በመሮና በመዶሻ ነው። ሣጥኑን የመረጥነው እኛ ስለነበርን ወጣቶቹን ልንወቅስ አልቻልንም።

ስለሆነም የመሣሪያ ግዢ መጀመር ያለበት ከሱቁ ሳይሆን ከመኪናው ነው። ኩሽኔታ ማለት በውስጠኛና በውጭኛ የብረት ቀለበት መካከል የሚሽከረከሩ እንክብሎች ወይም ሮለሮች ያሉበት፣ ጎማው በትንሽ ሰበቃ እንዲዞር የሚያደርግ ዕቃ ነው። ስሙን ከጣልያንኛ የወረስነው ሲሆን ዳዶ፣ ቡሎን፣ ክሪክ፣ ግራሶና ሞርሳም እንዲሁ ናቸው። በፕሮፎርማ ላይ ግን ይኸው ዕቃ ቤሪንግ ተብሎ በእንግሊዝኛ ስሙ ይጻፋል። መካኒኩ ኩሽኔታ ሲል፣ ነጋዴው ቤሪንግ ብሎ ሲጽፍ፣ ኮሚቴው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች መስለውት ሲከራከር ያየንበት ጊዜ ስላለ ይህን መጥቀስ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከመሣሪያው በፊት፣ በእርግጥ የተበላው ኩሽኔታ መሆኑ ይረጋገጥ። ምልክቱ በፍጥነት መጠን እየጨመረ የሚሄድ የማጉረምረም ድምፅ ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ ድምፁ ይለወጣል። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ የሚንቀጫቀጥ ከሆነ፣ አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ይደረግ። ፍሬኑ ተይዞ ንቅናቄው ከጠፋ ጉድለቱ ከኩሽኔታው ነው፤ ፍሬኑ ተይዞም ከቀጠለ ግን ጉድለቱ ከመሪው ወይም ከእገዳው መገጣጠሚያዎች ነው። ይህ ፈተና ምንም ወጪ የለውም፤ ያለ እርሱ ግን ደህናው ኩሽኔታ ተጥሎ የተበላው መገጣጠሚያ ሊቀር ይችላል።

በአጥቢያዎቻችን የሚገኙ መኪኖች ኩሽኔታ በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት አይወጣም። የመጀመሪያው ሾጣጣ ሮለሮች ያሉት ሲሆን በአንድ ሞዞ ውስጥ ሁለቱ ፊትና ኋላ ይቀመጣሉ። ሄንሪ ቲምከን የተባለው አሜሪካዊ በ1898 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት ይህ ዓይነት ከላይ የሚመጣውንም ከጎን የሚገፋውንም ጭነት ስለሚሸከም፣ ለከባድ ሥራና ለጠመዝማዛ መንገድ ተመራጭ ሆኖ ኖሯል። በኋላ ጎማ የሚነዳው አሮጌው ኮሮላ፣ የድሮው ሃይየስ፣ ባለ 70 ቁጥሩ ላንድክሩዘርና የአይሱዙ የጭነት መኪና የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው በፊት ጎማ በሚነዱት እንደ ቪትዝና እንደ ኋለኞቹ ኮሮላዎች ባሉት መኪኖች የሚገኘው ነው፤ አንድ ወጥ ሆኖ ሞዞውን በሚሸከመው ብረት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ የገባ ነው። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ኩሽኔታው ከሞዞው ጋር አንድ ሆኖ በቡሎን ስለሚታሰር፣ መቀየሪያው የተለመደው መፍቻ ነው።

ለሾጣጣው ዓይነት የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ልኩ የግድ መሆን አለበት። ቀደም ሲል ያነሣነው የላንድክሩዘር ዳዶ ቀጭንና ሰፊ ሲሆን ሁለት ሆኖ ይታሰራል፤ በመካከላቸውም ጫፉ የሚታጠፍ ማገጃ ቀለበት አለ። ይህን በመሮ እየመቱ መፍታት በብዙ ጋራዥ የተለመደ ነው። ከምቱ የሚፈነጠረው የብረት ቅንጣት ግራሶው ውስጥ ገብቶ አዲሱን ኩሽኔታ እንደ አሸዋ ይፈጨዋል፤ የዳዶው ጠርዝም ስለሚበላ በቀጣዩ ጊዜ ቡሶላው ቢገኝ እንኳ አይዝም። ስለዚህ 54 ሚሊ ሜትሩ ቡሶላ ለዚህ መኪና ከሣጥኑ ሁሉ የሚቀድም ግዢ ነው። ከእርሱ ጋር የቀለበት መክፈቻ ፒንሳ፣ ዳዶው እንዳይዞር የሚታጠፈውን ሽቦ ማውጫ ፒንሳና የነሐስ ዘንግ ይጨመር። ነሐሱ የሚመረጠው ከኩሽኔታው ብረት ለስላሳ በመሆኑ ነው፤ የቀረውን ውጭኛ ቀለበት ከሞዞው ለማስወጣት ሲመታ እርሱ ይጎዳል እንጂ ሞዞው አይሰነጠቅም።

አዲሱን ቀለበት ለማስገባት የሚሸጠው የመግፊያ ቀለበቶች ስብስብ በገበያ ውድ ነው። እኛ እንዲገዛ አንመክርም። አሮጌውን ውጭኛ ቀለበት ይዞ ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ ይበቃል፤ ባለሙያው ዙሪያውን በጥቂቱ ሲያሳንሰው፣ አዲሱን ሳይጣበቅ የሚገፋ መግፊያ ይሆናል። በሸክላ፣ በሽመናና በብረት ሥራ የታወቀው ቀጨኔ በዚሁ በጉለሌ እያለ፣ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ከውጭ የመጣ ሣጥን መፈለግ ከልማት ሥራ ዓላማችን ጋር አይሄድም።

በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ እጅግ የሚዘነጋው መለኪያው ነው። ሾጣጣው ኩሽኔታ ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ይቃጠላል፤ ከላላ ይንቀጫቀጣል። ትክክለኛው አሠራር ሞዞውን እያዞሩ ዳዶውን ማጥበቅ፣ ሮለሮቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ማላላት፣ ከዚያም በቀስታ እንደገና ማጥበቅ ነው። ለላንድክሩዘሩ የተዘጋጀው የጥገና መጽሐፍ ውጤቱን በመንጠቆ ሚዛን እንድንለካ ያዛል፤ ሚዛኑ በጎማው ቡሎን ላይ ተንጠልጥሎ በአግድም ሲሳብ፣ ሞዞው መዞር የሚጀምርበት ክብደት ይነበባል። ይህ ሚዛን በገበያ ሥጋና እህል ከሚመዘንበት ባለ ስፕሪንግ ሚዛን የተለየ አይደለም፤ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ርካሹም እርሱ ነው። ሆኖም እስካሁን ባየናቸው ፕሮፎርማዎች በአንዱም ላይ ተጽፎ አላገኘነውም።

ወደ ሁለተኛው ዓይነት ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በቪትዝና በብዙ ኮሮላዎች የፊት ጎማ መሐል ያለው ዳዶ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተመልሶ የሚታሰርበትም ጥብቀት ከ200 ኒውተን ሜትር ይበልጣል። ይህ ማለት አንድ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት እንደማንጠልጠል ነው። ስለዚህ ጥብቀት የሚለካው መፍቻ ወይም ቶርክ ሬንች ሲገዛ እስከ ስንት እንደሚለካ ይታይ፤ 100 ላይ የሚያበቃ መፍቻ ለዚህ ዳዶ አይረዳም። ይህ መፍቻ ለማጥበቅ እንጂ ለመፍታት አይውልም፤ ሥራው ሲያልቅም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ተመልሶ ይቀመጣል። ለመፍቻ የሚሆነው ረጅም ዘንግ ለብቻው ይገዛ። ቡሶላው ወፍራምና የጠርዙ ቁጥር ከዳዶው ጋር የሚገጥም ይሁን፤ በትክክል የማይገጥመው በጥብቅ ዳዶ ላይ እየተንሸራተተ ጠርዙን ይልጠዋል።

ኩሽኔታውን ለማውጣትና ለማስገባት ግን ፕሬስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ኮሚቴ ይሳሳታል። ሞርሳና መዶሻ ይበቃል ባዩ አንድ ወገን ነው፤ ባለ 20 ቶን ፕሬስ ካልተገዛ ባዩ ሌላው። ለአንድ ወይም ለሁለት መኪና ፕሬስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሞዞውን የሚሸከመውን ብረት ፈትቶ ፕሬስ ወዳለው ጋራዥ መውሰድና የተገጣጠመውን መልሶ ማሰር ይቻላል። የወጣቶች ማኅበር ግን ይህን ሥራ መተዳደሪያው ካደረገው ፕሬሱ ይገባዋል።

በፕሬስ ሥራ አንድ ሕግ አለ፤ ኮሚቴውም ቢያውቀው ሥራውን ለመቆጣጠር ይረዳዋል። ኩሽኔታው ወደ ብረቱ ሲገባ የሚገፋው በውጭኛው ቀለበት ብቻ ነው፤ ሞዞው ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ደግሞ ውስጠኛው ቀለበት ከታች መደገፍ አለበት። ግፊቱ በእንክብሎቹ በኩል ካለፈ ቀለበቶቹ ላይ ለዓይን የማይታይ ስርጉድ ይቀራል፤ መኪናው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ማጉረምረም ይጀምራል። ያን ጊዜ ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነበር እየተባለ ነጋዴው ይወቀሳል። አስመስሎ የተሠራ ኩሽኔታ በገበያ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ብልሽት ከእርሱ አይመጣም።

ስለ ክሪክና ስለ ማቆሚያው ያለን አቋም የማያወላውል ነው። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆም አልተሠራም። መኪናው ከተነሣ በኋላ የመኪናውን ክብደት የሚችል፣ የሚሸከመው ቶን የተጻፈበት የብረት ማቆሚያ ከሥሩ ካልገባ ማንም ሰው እጁንም ሆነ ጭንቅላቱን ከታች አያስገባ። ድንጋይ፣ ብሎኬትና የተደራረበ ጣውላ ማቆሚያ አይደሉም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። በሽሮ ሜዳና በአዲሱ ገበያ አካባቢ አብዛኛው ግቢ ተዳፋት ስለሆነ፣ የኋላ ጎማዎቹ ማገጃ ይደረግላቸው። የበጀት እጥረት ካለ ከሌላው ይቀነስ እንጂ ከዚህ አይቀነስ።

ግራሶውን በተመለከተ ለጎማ ኩሽኔታ የሚሆን ቁጥር 2 የሊቲየም ግራሶ ይገዛ፤ አሮጌው በነጭ ጋዝ ታጥቦ ሳይወጣ አዲሱ በላዩ አይጨመር። የታጠበ ኩሽኔታ በአየር መንፊያ እየተሽከረከረ አይድረቅ፤ ሮለሮቹ ተበትነው ሰው ሊጎዱ ይችላሉ። ግራሶው እንዳይፈስ የሚይዘው ፓራኦሊዮ በየጊዜው አዲስ ይሁን፤ ውስጠኛውና ውጭኛው ቀለበትም አብረው ይቀየሩ። አዲሱ ኩሽኔታ እስከሚገባበት ደቂቃ ድረስ ከወረቀቱ አይውጣ። የጉለሌ የበጋ አቧራ ብቻውን በቂ ጠላት ነው።

ለኮሚቴው የምናቀርበው ተግባራዊ ምክር ከፕሮፎርማው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት እንዲዘጋጅ ነው። የመኪናው ሞዴልና የተሠራበት ዓመት ከሊብሬው ይገልበጥ፤ መካኒኩ የኩሽኔታውን ዓይነትና የዳዶውን ልክ በሚሊ ሜትር ይጻፍበት፤ ማቆሚያው የሚሸከመው ቶንና ቶርክ ሬንቹ የሚደርስበት ቁጥር ይግባበት። ነጋዴው በዚህ ወረቀት ላይ ዋጋ ይሙላ እንጂ የራሱን ዝርዝር አያምጣ። እንዲህ ሲሆን ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ስለ አንድ ዕቃ ይናገራሉ፤ ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጥም ያን ጊዜ ትርጉም ይኖረዋል።

54 ሚሊ ሜትሩን ቡሶላ አንድ አጥቢያ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ ይፈልገዋል። ስለዚህ ተቀራራቢ የሆኑ ሦስት ወይም አራት አድባራት በጋራ ገዝተው በአንዱ ንብረት ክፍል ቢያስቀምጡት፣ ወጪና መመለሻው እየተመዘገበ ለሁሉም ይበቃል። የመንጠቆ ሚዛኑም ከእርሱ ጋር በአንድ ከረጢት ይቀመጥ።