ስለ ጎረቤት ዝም ማለት ኃጢአት እንደ ሆነ የሚያስረዳ ትምህርት

ሰው ክፉ ሥራን በእጁ ካላደረገ ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል። «አልገደልሁም፤ አልሰረቅሁም» ብሎ በሰላም ይተኛል። ነገር ግን እግዚአብሔር የሚመረምረው ያደረግነውን ብቻ አይደለም፤ ማድረግ ሲገባን የተውነውንም ነው። ይህን እናስተውል ዘንድ በጀርመን አገር የሆነውን እንመልከት። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1933 በጥር ወር አዶልፍ ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ሁለት ወርም ሳይሞላ ከሙኒክ ከተማ አጠገብ በዳካው የግዞት ሰፈር ተከፈተ። ነገሩ በስውር አልተደረገም፤ በጋዜጣ ታወጀ እንጂ። በመጀመሪያ የተጋዙት ኮሙኒስቶችና ሌሎች የመንግሥቱ ተቃዋሚዎች ነበሩ፤ ዳኛም አልፈረደባቸውም። ቀጥሎ አይሁድ፥ ሲንቲና ሮማ የሚባሉ ሕዝቦች፥ የይሖዋ ምስክሮች፥ ካህናትም ተጨመሩ።

እስረኛው በስሙ ፈንታ ቍጥር ይሰጠው ነበር። በልብሱም ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ይሰፋበት ነበር፤ ቀዩ የፖለቲካ እስረኛ፥ ሐምራዊው የይሖዋ ምስክር፥ ቢጫው የአይሁዳዊ ምልክት ነበረ። በረኃብ፥ በከባድ ሥራ፥ በድብደባና በበሽታ ብዙዎች አለቁ። በዳካው በ12 ዓመት ውስጥ ከ200,000 የሚበልጡ ሰዎች ታሰሩ፤ ከእነርሱም ከ40,000 የሚበልጡ ሞቱ። ጀርመኖች በያዙት በፖላንድ ምድር በነበረው በአውሽቪትዝ ደግሞ 1,100,000 ያህል ሰዎች ጠፉ፤ 1,000,000 ያህሉም አይሁድ ነበሩ። በዚያ ዘመን በልዩ ልዩ ስፍራ የተገደሉት አይሁድ በጠቅላላው 6,000,000 ያህል ናቸው። ይህን ካደረጉት ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ። ይህ ልባችንን ሊያስደነግጠው ይገባል።

በበርሊን ማርቲን ኒሞለር የሚባል ቄስ ነበረ። አስቀድሞ ሂትለርን ደግፎ ነበር። ነገር ግን መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ሥራ በገባ ጊዜ፥ ከአይሁድ የተወለዱ ክርስቲያኖችም ከአገልግሎት ይውጡ በተባለ ጊዜ ተቃወመ፤ ሌሎችንም ቀሳውስት በማኅበር ሰበሰበ። ስለዚህ በ1937 ተያዘ። ፍርድ ቤት የፈረደበትን እስራት ከፈጸመ በኋላ እንኳ በ1938 ወደ ዛክሰንሃውዘን ተጋዘ፤ በ1941ም ወደ ዳካው ተዛወረ። እስከ 1945 ድረስም ነጻ አልወጣም።

እንደዚህ ያለውን ሰው ማን ይወቅሰዋል? ሆኖም በ1945 ነጻ ከወጣ በኋላ ከሚስቱ ጋራ ዳካውን ሊያይ ሄደ። ሬሳ ይቃጠልበት በነበረው ቤት ከ1933 እስከ 1945 ድረስ ብዙ ሰዎች በዚያ እንደ ተቃጠሉ የሚናገር ጽሕፈት አነበበ። ልቡን የወጋው ዓመቱ ነበረ። ከ1937 ወዲህ ስላለው ዘመን እርሱ ራሱ እስረኛ ነበረና መልስ ነበረው። ከ1933 እስከ 1937 ግን ነጻ ሰው ነበረ፤ ኮሙኒስቶች ሲጋዙም ነገሩ የእርሱ አልመሰለውም። እግዚአብሔር ስለ እነዚያ ዓመታት ቢጠይቀው የሚመልሰውን አጣ። ይህንንም አልሸሸገም፤ በሕዝብ ፊት እየቆመ ተናገረው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሽቱትጋርት የተሰበሰቡ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች፥ እርሱም ከእነርሱ ጋራ፥ በደላቸውን በጽሑፍ ተናዘዙ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ቃየን ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ የሰጠው መልስ እንዳልጠቀመው ታውቃላችሁ። «ወገኔ አይደለም፤ ሃይማኖቱም ሌላ ነው» የምንለውም የዚያ መልስ ልጅ ነው። ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው አገሩን ጠይቆ አላነሣውም። እኔም የኒሞለርን ነገር ባነበብሁ ጊዜ ስለ ራሴ የዝምታ ዓመታት አሰብሁ፤ አፈርሁም።

ስለዚህ፦

1ኛ፤ ሰው በወገኑ ወይም በእምነቱ ሲሰደብ ብትሰማ ከሚስቁት ጋራ አትሳቅ። የግዞቱ ሰፈር ከመከፈቱ በፊት ስድቡ ተለምዶ ነበርና።

2ኛ፤ ያለ ፍርድ የታሰረ ሰው ቢኖር ስሙን አትርሳ፤ ስንቅ አድርስለት፤ ቤተ ሰቡንም ጠይቅ። የማይወድህ ሰው ቢሆንም እንኳ ይህን አትተው።

3ኛ፤ ዝም ብለህ ከሆነ፥ በኋላ የተቀበልኸውን መከራ መሸሸጊያ አታድርገው፤ ተናዘዝ እንጂ።

እግዚአብሔር አፋችንን በጊዜው ይክፈትልን፤ ያለፈውንም ዝምታችንን ስለ ልጁ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ይቅር ይበለን። አሜን።