ስማቸው ያልተጻፈ የአክሱም ነጋዴዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ነጋዴ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ትርፍና ሚዛንን ብቻ ነው። የአክሱም መንግሥት እንዴት የክርስቲያን መንግሥት እንደ ሆነ ስንመረምር ግን ከጳጳሱ አስቀድመን ነጋዴዎችን እናገኛለን።

በ4ኛው መቶ ዓመት ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ልጆችን ይዞ በባሕር ሲመለስ፣ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደ ዳር ቀረበች። የአገሩ ሰዎች ተነሥተው ተሳፋሪዎቹን ገደሉ፤ ሁለቱ ልጆች ግን ተርፈው ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ የሒሳብና የጽሕፈት ኃላፊ ሆኑ። ንጉሡ ሕፃን ልጅ ትቶ ሲሞት ንግሥቲቱ በአስተዳደሩ እንዲረዷት ለመነቻቸው።

ፍሬምናጦስ ያን ጊዜ ያደረገውን ሩፊኖስ የተባለ ጸሐፊ ከራሱ ከኤዴስዮስ ሰምቶ ጽፎልናል። ከሮም ግዛት መጥተው የሚነግዱ ክርስቲያኖችን ፈልጎ አሰባሰበ፤ በየቦታው ተሰብስበው እንዲጸልዩ መከራቸው፤ ለጸሎት ቤት መሥሪያም ቦታ ሰጣቸው። በአዱሊስ ወደብ ጨርቅና የወይን ጠጅ ይገባ፣ የዝሆን ጥርስ ይወጣ በነበረበት ዘመን እነዚህ ሰዎች «እኛ ለንግድ ነው የመጣነው» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ጳጳስ በሌለበት አገር ለጸሎት ቆሙ።

ከዚያ በኋላ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርዶ፣ ለተሰበሰቡት ምእመናን ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም እርሱኑ ሾሞ ላከው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱን ነው። ንጉሥ ኢዛናም ካመነ በኋላ በገንዘቡ ላይ መስቀል አስቀረጸ።

ልብ እንበል! የነጋዴዎቹ ጸሎት ቤት የካህን ምትክ አልነበረም፤ ካህን እንዲመጣ መንገድ የጠረገ ነው እንጂ።

ባሕር ዳራችን ከዘጌ በታንኳ ማገዶ ሲጫንላት የኖረች የገበያ ከተማ ናት። ከመካከላችን በእናቱ ጉሊት ያደገ ጥቂት አይደለም። በትምህርት ስንገፋ ያን ጉሊት ለመጥራት የምናፍር ከሆነ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ ዘንግተናል ማለት ነው። ነገም ተመርቀን ቤተ ክርስቲያን ወደ ራቀበት ቦታ ለሥራ ብንሄድ፣ ሁለትና ሦስት ሆነን ለጸሎት እንሰብሰብ፤ አገልጋይም እንለምን። የነጋዴዎቹን ስም የመዘገበልን የለም፤ የጀመሩት ጸሎት ግን እስከ ጣና ደሴቶች ደርሶ ዛሬም አልተቋረጠም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።