ስጦታ፣ የሥራ ዋጋና ብድር

በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚኖረው አነስተኛ ገበሬ ከመንግሥት በኩል የሚያገኘው ገንዘብ ሁሉ «ድጋፍ» ሲባል እንሰማለን። በዚህ አንድ ስም ሥር ግን ጠባያቸው የተለያየ ሦስት ነገሮች አሉና ለይተን ልንመለከታቸው ይገባል።

ስጦታ የሚባለው የዋጋ ድጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት ለማዳበሪያ የመደበው 15 ቢሊዮን ብር በገበሬው እጅ አልገባም፤ የሚገዛበትን ዋጋ ዝቅ አደረገለት እንጂ።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ደግሞ በአብዛኛው የሥራ ዋጋ ነው። መሥራት የሚችል እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠግኖ በገንዘብ ወይም በእህል ይከፈለዋል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ያለ ሥራ ይረዳሉ፤ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶችም ለጊዜው ከጉልበት ሥራ ነፃ ናቸው። ይህን መብቷን ያላወቀች እርጉዝ ድንጋይ ስትሸከም ትውል ይሆናል።

ሰፊው ጉዳይ ብድር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ፀደይ ባንክነት የተለወጠው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም መያዣ ለሌለው ገበሬ በቡድን ዋስትና ሲያበድር ቆይቷል። አንዱ ቢያቅተው ዕዳው በጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል። ክፍያው ከአዝመራ በኋላ ሲጠየቅ ሁሉም እህሉን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ያወጣልና ዋጋው ይረክሳል። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ በወደቀ ጊዜ በአገሪቱ ብዙ ገበሬዎች የማዳበሪያ ዕዳቸውን መክፈል ተስኗቸው ነበር፤ ወዲያውም ድርቅ ተከተለ። ስለዚህ ከወለዱ መጠን ይልቅ የመክፈያው ወር አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።

የዞኑ ሕዝብ አብላጫው ሙስሊም ስለ ሆነ ወለድን የሚሸሽ ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ስለ ወለድ ለብዙ ዘመናት ስትከራከር ኖራለችና የጎረቤቶቻችንን ጥንቃቄ እንደ አላዋቂነት ልንቆጥረው አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ ተፈቅዷል። ሙራባሃ በተባለው ስልት ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ ለገበሬው በዱቤ ይሸጥለታል።

ሌላው በር አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው፤ ከብትና ሰብል በመያዣነት እንዲመዘገቡ ፈቅዷል። ኦሪት ዘዳግም ወፍጮንና መጁን በመያዣነት መውሰድን የሚከለክለው የድኻው እንጀራ ከእርሱ ስለሚወጣ ነው። ለእኛ ገበሬ ወፍጮው የእርሻ በሬው ነው። አንድ ጥማድ ብቻ ያለው ሰው በሬዎቹን ትቶ የሚያደልባቸውን በጎች ቢያስመዘግብ ይሻለዋል እንላለን።