ድመት ለምን ትነክሳለች?

«ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ተረቱ ስለ አይጥ ከሆነ እውነትነት አለው። ዳሩ ግን የሰው እጅ የነከሰች ድመት ሁሉ ዓመሏ ነው እየተባለ ሲፈረድባት እናያለን። እኛም በበኩላችን ፈርደን ነበር፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ የተረዳነው ዘግይተን ነው።

በሐዋሳ ከተማ ሐይቅ ዳር ሦስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አይጥ ደብተራችንን እየበላ ስላስቸገረን ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አንዲት ግልገል ድመት አመጣን። በዚያ ስፍራ ቆሮሶና አምባዛ ሲጸዳ የሚጣለውን አንጀትና አጥንት ከትልልቆቹ አሞሮች ጋር እየተሻሙ የሚያድጉ ድመቶች አሉ። ግልገሏ አንድ ወር የሞላት አትመስልም ነበር። ማታ ጥናት ሲሰለቸን ጣታችንን ከብርድ ልብሱ ሥር እያንቀሳቀስን እናጫውታት ነበር፤ ዘላ ስትነክሰን እንስቃለን። ስድስት ወር ያህል ሲሆናት የቤቱን እመቤት የአምስት ዓመት ልጅ አውራ ጣቷን ነክሳ አደማቻት። እመቤቲቱም «ልጆቼ፣ ወይ ድመቷ ትውጣ፣ ወይ እናንተ ውጡ» አሉን።

እንስሳት ሕክምና የሚማሩ ጓደኞቻችንን ስንጠይቅ መጀመሪያ የሳቁት በእኛ ነበር።

ድመት በመሠረቱ አዳኝ ናት። ትንሽና የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ አድብታ ዘላ ትይዛለች። የንክሻዋን ልክ የምትማረው ደግሞ ከወንድምና ከእኅቶቿ ጋር ስትታገል ነው። አጥብቃ ስትነክስ የተነከሰው ይጮኻል፣ ጨዋታውንም ጥሎ ይሄዳል፤ እናትየዋም ትገሥጻለች። ግልገልን ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ መለየት የማይገባው ስለዚህ ጭምር ነው። እኛ ግን ከዚያ ትምህርት ቤት አስወጥተን ጣት መንከስ በሚያስመሰግንበት ትምህርት ቤት አስገባናት።

ሌላም ምክንያት አለ። ጭን ላይ ተቀምጣ እየተዳበሰች ሳለ በድንገት የምትነክስ ድመት «ከዳተኛ» ትባላለች። ይሁን እንጂ ከመንከሷ በፊት ትናገራለች፤ የማይሰማው ሰው ነው። ጅራቷን ወዲያና ወዲህ ትወረውራለች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታስተኛለች፤ የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል፤ አንገቷን ወደ እጁ ታዞራለች። ይህን ያየ ሰው እጁን ቢያነሣ ንክሻ የለም። እንዲሁም ጥርሷን ወይም መገጣጠሚያዋን የሚያማት ድመት ስትነካ ትነክሳለች። ከመስኮት ባሻገር ባዕድ ድመት አይታ የተቆጣችም እልኋን በቅርብ ባገኘችው እግር ላይ ትወጣዋለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዱላ አይረዳም። ድመት ምቱን ከንክሻዋ ጋር አታገናኘውም፤ የምትማረው እጅ ጠላት መሆኑን ብቻ ነው፤ የፈራች ድመት ደግሞ አብልጣ ትነክሳለች። እጅን ስትይዝ መንጠቅም ስሕተት ነው፤ የሚሸሽ እጅ ለእርሷ የሚሸሽ አይጥ ነው። እጅን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ስትለቅም ያለ ጩኸት ተነሥቶ ለጥቂት ደቂቃ ጥሏት መሄድ ይሻላል። መንከሻ ግን ሊሰጣት ይገባል። እኛ በረጅም ሲባጎ ጫፍ ጨርቅ አሥረን ማታ ማታ እንጎትትላታለን፤ ከጨዋታው በኋላ ትበላለች፤ አድና እንደ በላች ሁሉ ትተኛለች። ሲባጎው ሲያበቃ ይነሣል፤ ከዋጠችው አንጀቷን ሊዘጋ ይችላልና። ከሁሉም የከበደን ከመካከላችን አንዱ በስውር በጣቱ ማጫወቱን አለመተዉ ነበር። አንድ ሰው የሚያፈርሰውን ሁለት ሰው አይሠራውም፤ ስሙን ለጊዜው ትተንለታል።

ስለ ሕፃኗ ሳንናገር ማለፍ አይቻልም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ይበልጡን የሚተላለፈው በውሻ ቢሆንም ድመትም ይይዛታል፤ ትነክስበታለችም። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ለማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። የጠበሉን እምነት አንነካም፤ ከክትባቱ ግን ማንንም ሊያስቀር አይገባም። በዚህ በሽታ ባይሆንም እንኳ የድመት ክራንቻ ቀጭንና ረጅም ስለ ሆነ ቀዳዳው ጠባብ፣ ቁስሉ ጥልቅ ነው፤ በማግሥቱ እጅ አብጦ ሊገኝ ይችላል።

ድመቷንም ገድሎ መጣል ትልቅ ስሕተት ነው። ጤነኛ የምትመስል ድመት ተዘግቶባት 10 ቀን ትጠበቃለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልታመመችና ካልሞተች በነከሰችበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው። የተጣለች ድመት ግን ምንም አትመሰክርም። ሆኖም ቀኑ እስኪሞላ እየተባለ ሕክምናው አይዘገይም።

እመቤቲቱን በዚህ ለመንናቸው። ሕፃኗ በዚያው ቀን መከተብ ጀመረች፤ ድመቷም 10 ቀን ከእኛ ጋር በአንዲት ክፍል ታሰረች፤ ሽታውን አንባቢ ይገምተው። በ11ኛው ቀን ጤነኛ ሆና ወጣች፤ ወስደንም አስከተብናት። አሁን ማታ ሲባጎውን የምትጎትተው ሕፃኗ ናት። እናቷ ከደጃፍ ቆመው «እጅሽን አርቂ!» ይሏታል፤ ድመቷም ጨርቁን ይዛ አልጋ ሥር ትገባለች።